ከበር የቀረው አስታማሚ

«ከደረጃ ወድቃ ነው ኩላሊቷ የደማው» ብሎ ለሐኪሙ የነገረው ባሏ ነው። እሷን ሲጠይቋት ቀድሞ የሚመልሰውም እሱ ነው። ሲያጎርሳት፣ ሽንት ቤት ደግፎ ሲወስዳት ያዩ የዋርዱ ሴቶች «አስታማሚስ እንዲህ ነው!» እያሉ መረቁት።

ዛሬ ግን «ጨረር አለ» ብለው ከበር አስቀሩት።

እሷ ጠባቡ አልጋ ላይ ተንጋላ፣ ብሽሽቷን አደንዝዘው በደም ሥሯ ያስገቡት ቀጭን ቱቦ ወደ ኩላሊቷ ሲሹለከለክ በስክሪኑ ታያለች። «ንቅንቅ እንዳትይ» ስለተባለች ትንፋሿን እንኳ ቆጥባለች።

ሐኪሙ የሚደማውን ሥር ደፈነና ፈገግ አለ።

«እሰይ፣ ደሙ ቆመ! በቅርቡ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ባለቤትሽ ውጭ ተጨንቋል፤ ሄጄ ላብስረው።»

ንቅንቅ እንዳትል የተባለችው ሴት ተንጠራርታ የጋዋኑን ጫፍ ጨመደደች።

«ዶክተር፣ ስለ ማርያም፣ አልቆመም ይበሉት።»