ያውርደው

ከማድቤቱ ቧንቧ በላይ የተገጠመችው ትንሽ ስክሪን የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሚበደርበትን ወለድ ታሳያለች። ወለዱ ካደገ አበዳሪዎች መሥሪያ ቤቱን ፈርተውታል ማለት ነው፤ ያን ቀን ውሃው እንደ ክር ይቀጥናል። ሲወርድ ደግሞ ይወፍራል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት «ወለድ እንዴት አደረ?» ይባባላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ያውርደው»።

ዛሬ ጠዋት ወረደ። ረድኤት ያላትን ባልዲና ጀሪካን ሁሉ ደርድራ ስትሞላ ስልኳ ጠራ። ሐዋሳ ያለችው ልጇ አርሴማ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ ግን ገና ሳምንታት ይቀሩሻል ብሏታል። ረድኤት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ጀሪካኑን አቀናች።

«እማ፣ ወለድኩ!»

የሚንፎለፎለው ውሃ የመጨረሻዋን ፊደል ዋጣት። ረድኤት የሰማችው «ወለድ» የሚለውን ብቻ ነው። አፏም እንደ ልማዱ ቀደማት።

«ያውርደው፣ ልጄ! ያውርደው!»

ከወዲያ በኩል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

ረድኤት ቧንቧውን ዘጋችው። ጀሪካኑ ገና አልሞላም ነበር።

«ወንድ ነው፣ እማ» አለች አርሴማ ቀስ ብላ።

«ያሳድገው» አለች እናት።

ቃሉ አፏ ላይ እንግዳ ሆነባት። በዚህ ሰፈር «አደገ» የሚባለው ለወለድ ብቻ ከሆነ ቆይቷል።