ሩዙ እስኪበርድ

መምህር ኢዋሴ በሞቱ በስምንተኛው ቀን ማለዳ፣ ነጭ የሥራ ኮታቸው ከመሳቢያ ወጥቶ፣ ተተኩሶ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ።

መጀመሪያ ያየችው ሚዙሆ ናት። በእሳቸው ምግብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሱሺ፣ ጥሬ ዓሣ በሩዝ የሚቀርብበትን ምግብ፣ መሥራት ተምራለች። ሦስቱን ዓመት ወለል ስትወለውል፣ አራቱን ሩዝ ስትቀቅል፣ ሦስቱን እንቁላል ስትጠብስ ነው ያሳለፈችው። ዓሣ ላይ ቢላ ያሳረፈችው በመጨረሻው ዓመት ነው። ኢዋሴ ድሮ ሴት አይቀበሉም ነበር፤ ግን የከተማቸው የሂሚ ጎረምሶች ሁሉ ወደ ቶኪዮ ሄደው አለቁ።

"እትዬ፣ ኮቱን እርስዎ ነዎት የሰቀሉት?" ስትል ባለቤታቸውን ጠየቀች።

"እኔ መሳቢያውን አልነካሁም" አሉ ወይዘሮ ሴትሱ። "አርባ ዘጠኝ ቀን እስኪሞላው ነፍስ ቤቱን አይለቅም ይባላል። እሱ ደግሞ መቼ ሥራ ፈቶ መቀመጥ ይችላል!"

በሦስተኛው ሳምንት ቢላው ተከተለ። ረጅምና ቀጭን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሳል ቢላ ነው። ሚዙሆ ራሷ ዘይት ቀብታ፣ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ጠዋት ስትገባ መክተፊያው ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ሦስቱም የመሳያ ድንጋዮች እርጥብ ነበሩ። ስለቱን በጥፍሯ ሞከረችው። እንዲህ የሚስል እጅ በከተማው አንድ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የእንጨት ጫማቸው ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ አዙሮ ተገኘ።

ይህን ብትነግረው ዓሣ አቅራቢው ኦባታ ሳቀባት። "ኢዋሴ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የኔን ዓሣ አሽትቶ 'ይሄን ለድመትህ ውሰድላት' ይለኝ ነበር።"

"አይቀልዱ ጋሼ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን።"

"ታዲያ ሴትሱ ብትሆንስ?"

"እሳቸው ቢላ ይዘው አያውቁም።"

እውነቷን ነው። ሴትሱ በሙሽርነታቸው ባንኮኒው ጀርባ ሊቆሙ ቢሞክሩ፣ ባላቸው "የሴት እጅ ይሞቃል፤ ዓሣ ያበላሻል" ብለው መልሰዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሻይ ቀዱ፣ ሰሃን አነሱ፣ ልብስ ተኮሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው አዩ።

"እሺ፣ ኢዋሴ ነው እንበል። ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው?" አለ ኦባታ።

ሚዙሆ ምን እንደሚፈልጉ ታውቃለች።

የሞቱ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር። እሷ የእንጨት ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ኮምጣጤ የገባበትን ሩዝ እንዲበርድ እያገላበጠች ታራግባለች። ኢዋሴ ኮታቸውን ሊለብሱ ጓዳ እንደገቡ አልተመለሱም። ወይዘሮ ሴትሱ ከቤተ መቅደስ መጣሁ ብለው ገቡና ሬሳውን አገኙ፤ ደረቅ ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ ጥለው ጮኹ። ሚዙሆ ለሐኪሙም ለጎረቤቱም የተናገረችው አንድ ቃል ነው። "የአየር ማስወጫው ይጮህ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።"

በአርባ ዘጠነኛው ቀን መነኩሴው ጸሎቱን አድርሶ ሄደ። ሴትሱ ኮቱንና ቢላውን በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

"በይ ልበሽ። ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ያንቺ ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ኮት ነው። ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፋች።

"አልችልም እትዬ። ዋሽቼዎታለሁ። ሰምቻቸው ነበር።"

ሴትሱ ኮቱንና ቢላውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ።

"ስሜን ጠሩኝ። ሩዙ እስኪበርድ እጅ አይነሳም፣ ፊት አይዞርም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዴ ሲጠሩኝ ዞሬ ገንዳውን በሙሉ አስደፍተውኛል። አሁንም እየፈተኑኝ መሰለኝ። ደግመው ጠሩኝ። ሊበርድ ትንሽ ነበር የቀረው… ይሄው፣ ለዚህ ነው የማይተዉኝ።"

"ስንት ጊዜ ሰማሽ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ደህና አድርገሽ አስቢ። ሁለት ብቻ?"

"ሁለት ብቻ እትዬ። እምላለሁ።"

ሴትሱ በረጅሙ ተነፈሱ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ተወጥሮ የቆየው ትከሻቸው ረገበ። ኮቱን አንስተው ጀርባዋ ላይ ደረቡላትና፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው መታ መታ አደረጓት።

"በቃ፣ አታልቅሺ ልጄ። በሦስተኛው፣ በሹክሹክታ፣ የጠራው አጠገቡ ቆሜ የነበርኩትን እኔን ነው።"