እናቷ የተሳፈሩበት አውቶብስ

ብቻዋን አውቶብስ በነዳችበት የመጀመሪያ ጠዋት እናቷ ተሳፈሩ። "ይህን የሚያክል ብረት ለአንቺ አይሆንም" ሲሉ የከረሙት እናቷ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልክ ከኋላዋ ተቀመጡ። እሷም የፊቷን መስታወት አስተካከለች።

ተከትሏቸው ሊገባ የነበረ ሰውዬ እሷን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። "ሹፌሩ የታለ?" አለ።

"ይቺውልህ ፊትህ፣ ልጄ ናት" አሉ እናቷ። "ከፈራህ በእግርህ ሂድ፤ ካልፈራህ ግባና በሩን ልቀቅ፣ ሰው ሥራ አለው።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ሰውዬውም እያፈረ ገባ። እሷ ግን ሳቋ አልመጣም፤ ሐሳቧ ሁሉ ከፊቷ ያለው ዳገት ላይ ነበር። ማርሽ ቀንሳ ወጣችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። መኪና ውስጥ አንድም ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው የማያውቁት፣ አባቷ ሲነዱ እንኳ ወንበር አንቀው የሚጸልዩት እናቷ፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ቁልቁለቱን እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብላ ወረደች። መሀል ላይ እናቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ደረስን እንዴ?" አሉ።

"ገና ነው እማዬ፣ ተኚ" አለች፣ ከመንገዱ ዓይኗን ሳታነሳ።