መዝጋቢው የማያውቀው አገር

ልጄ ወለላ እንቆቅልሽ የሰለቻት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተሳስቼ ኖሯል።

ልጆች ሁሉ በየቤታቸው እንዲማሩ ከተደነገገ ወዲህ፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው መዝጋቢ መሣሪያ የምንናገረውን እየሰማ ወደ ትምህርት ነጥብ ይመነዝረዋል። በቀን ለአንድ ሰዓት ድምፃችን ከጠፋበት «መቅረት» ይጽፋል። ሦስት መቅረት ክፍል ያስደግማል፤ እኛ ሁለት ተጽፎብናል።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጥናቱ ትንሽ ብንተነፍስ ብዬ ፍራሽ ላይ አብረን ተጋደምንና እንድትጠይቀኝ ለመንኳት።

«እንቆቅልሽ» አለች ሳትወድ።

«ምን አውቅልሽ?»

ጠየቀችኝ፤ መልሱ ጠፋኝ።

«በይ አገር ስጪኝ።»

«ሐረርን ሰጠሁሽ!»

«ጂኦግራፊ፣ ሁለት ነጥብ» አለ መዝጋቢው በለሰለሰ ድምፅ።

ወለላ ብርድ ልብሱን ተከናነበች። «አየሽ እማ? ሐረርንም ወሰደብኝ። ጎንደርንም ጅማንም እንዲሁ ወስዶብኛል። የምነግሥበት አገር አልቀረኝም።»

«ታዲያ የቱን ልስጥሽ፣ የኔ እመቤት?»

«እሱ የማያውቀውን።»

የት ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ እኔም ጓጓሁ። «ዝናቡ ከታች ወደ ላይ የሚዘንብበትን አገር ብሰጥሽስ?»

«ስሕተት። እንዲህ ያለ አገር የለም» አለ መዝጋቢው።

ወለላ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና እስኪያስላት ሳቀች።

ተነሥቼ መዝጋቢውን ነቀልኩና ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት፤ አገሯንም እስኪመሽ ድረስ ሰጠኋት። ሦስተኛው መቅረት ተጻፈ፤ ወለላም አራተኛ ክፍልን ደገመች።