ፈቃድ የሌላት ቀልድ

ደራሲው ኸርበርት ዎልስቴድ የዋናውን ተዋናይ የመልበሻ ክፍል በር ሳያንኳኳ በርግዶ ይገባል። የከሰዓት በኋላው ትርኢት ሁለተኛ ገቢር ገና መጠናቀቁ ነው፤ ከአዳራሹ የሳቁ ትርፍራፊ፣ ከሳቁም ሥር ለተመልካቹ በየወንበሩ የሚታደለው የሻይ ስኒ ኳኳታ ይሰማል። ሊዮኔል ክራብትሪ ሱሪውን እንዳወለቀ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

“ዛሬም ጨመርካት” ይላል ዎልስቴድ።

“ሳቁንስ ሰማኸው? አንዲት አሮጊት ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።”

በተውኔቱ ውስጥ ወስላታው ባል ቁምሳጥን ውስጥ ተደብቋል። ሚስት መጥታ ከፊቱ ትቆምና፣ “አርኖልድ፣ ከፋሲካ ጀምሮ አውቄአለሁ” ትላለች። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የሚያዝዘው ዝምታን ነው። ባል ወጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሚስቱ ፊት ይቆማል። ባልየውን የሚጫወተው ሊዮኔል ግን ተውኔቱ ከከተማ ከተማ መዞር ከጀመረ ወዲህ አንገቱን ብቅ እያደረገ፣ “ታዲያ ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ሳንድዊች እንኳ አታቀብዪኝም ነበር?” ይላል፤ አዳራሹም ይናወጣል።

ዎልስቴድ ሃያ ሁለት ተውኔት ጽፏል። በሁሉም ውስጥ በር ይበረገዳል፣ ቄስ አልጋ ሥር ይገባል፣ የሊዮኔል ሱሪ ይወልቃል። ከሁሉም መካከል እውነት ብሎ የሚቆጥራት ያቺን የሚስትየዋን ቃል ብቻ ነው። የተናገረቻት እናቱ ናት፤ ሳህን እያጠበች፣ ለአባቱ። አባቱ አልመለሰላትም። ልጁ ኸርበርት በዚያ ዝምታ ውስጥ ተቀምጦ ገንፎውን ጨርሷል። ዕድሜውን ሙሉ በጫጫታ ሲሸፍነው ኖሮ፣ አሁን በስተርጅና ሌላም ሰው እንዲሰማው ፈልጓል። ቅዳሜ አንድ የለንደን ቴአትር ቤት ባለቤት እዚህ የባሕር ዳርቻ ከተማ ብላክፑል ድረስ ይመጣል፤ ተውኔቱ ለንደን የሚገባው ያን ዕለት መድረክ ላይ እንደታየው ሆኖ ነው።

“ሊዮኔል፣ እዚያች ቦታ ላይ ዝም በልልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።”

“ዝም ስል ምን እንደሚሰማ ታውቃለህ? የከረሜላ ወረቀት! ቁምሳጥን ውስጥ እንደ ሬሳ ተገትሬ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ላዳምጥልህ?”

“ይንኮሻኮሽ! ይጨነቁ፣ ይፈሩ! ለአንዲት አፍታ የገዛ ቤታቸው ትዝ ይበላቸው!”

“ሰዎቹ የመጡት ባሕሩ ዳርቻ ሊዝናኑ ነው፣ ጌታው። ንስሐ ካማራቸው ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ማዶ አለ፤ እሱም ባዶውን ነው።”

“አንተ ለሳቅ ብለህ እናትህን የምትሸጥ!”

“እኔ የሸጥኩት ሱሪዬን ነው፤ ደላላውም አንተ ነበርክ።” ሊዮኔል ፎጣውን ወርውሮ ይነሳል። “ማን አስለመዳቸውና? ሠላሳ ዓመት ያስወለቅከኝ ማን ሆነና? ዛሬ አርጅተህ ሰባኪ መሆን አማረህ። በል ሂድና ለሳንሱር ክሰሰኝ!”

ይህን ያለው ለቧልት ነው። በመድረክ የሚነገር ቃል ሁሉ አስቀድሞ በለንደኑ ሳንሱር ታይቶ መፈቀድ እንዳለበት የማያውቅ ተዋናይ የለም፤ የማይጨምርም የለም። ዎልስቴድ ከዚያ መሥሪያ ቤት ጋር ዕድሜውን ሲሟገት ኖሯል፤ ስለ አንዲት የውስጥ ሱሪ ብቻ አንድ ክረምት ሙሉ ተከራክሯል። ደራሲ ከሳንሱር ጋር ወግኖ የገዛ ተዋናዩን ማሳጣቱ በዚህ ሙያ ተሰምቶ አያውቅም።

“መልካም” ይላል ዎልስቴድ፤ ድምፁ ወርዷል። “እከስሃለሁ።”

“ኸርበርት! ቀልዴን እኮ ነው! ና ተመለስ አንተ ሰውዬ!”

እሱ ግን ደረጃውን ወርዷል። የጓሮው በር ጠባቂ ሚስተር ፔግ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

“ሐኪም ልጥራልዎ እንዴ ጌታዬ? ፊትዎ በርበሬ መስሏል እኮ።”

“ስልኩን ስጠኝ።”

የለንደኑ የሳንሱር መሥሪያ ቤት እስኪገኝ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ትሑት፣ ደረቅ ድምፅ ይመጣል። ዎልስቴድ ስሙን ይናገራል፤ አቤቱታውንም ያስረዳል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሹም ጥቂት ይደነግጣል።

“ከእርስዎ፣ ሚስተር ዎልስቴድ? እንዴት ያለ ነገር ነው! መልካም፣ የተጨመረውን ቃል ከነአነጋገሩ ይንገሩኝ። ከፊቱ ያለውንም ጭምር።”

“ሚስትየዋ፣ ‘አርኖልድ፣ ከፋሲካ ጀምሮ አውቄአለሁ’ ትላለች።”

“እሺ።”

“ቁምሳጥኑ ይከፈታል።”

“እሺ።”

ዎልስቴድ ትንፋሹን ይውጣል፤ ይቆያል። ከዚያም ጥርሱን ነክሶ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ፈገግታ በሌለው ድምፅ፣ “ታዲያ ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ሳንድዊች እንኳ አታቀብዪኝም ነበር?” ይላል።

ከወዲያኛው ጫፍ ሳል የመሰለ ነገር ይሰማል። ቀጥሎ ሹሙ ይፈነዳል። መናገር እየሞከረ ይስቃል፤ መናገሪያውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይስቃል፤ “ና ባክህ፣ ይህን ስማ!” እያለ ከጎኑ ያለውን ሰው ይጠራል። ሚስተር ፔግ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይርገፈገፋል።

“ይቅርታ ጌታዬ… በእውነት ይቅርታዎን… እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልን?”

ዎልስቴድ መናገሪያውን ከጆሮው አርቆ ይይዘዋል። ሳቁ እየተንዠቀዠቀ ኮሪደሩን ይሞላል። ቀና ሲል ሊዮኔል ሱሪ ሳያጠልቅ ተከትሎት መጥቶ ደረጃው ሥር ቆሟል። እሱ አይስቅም። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ዎልስቴድ ትንፋሹን የዋጠባትን ያቺን ቆይታ ለቅዳሜ እንድትሆነው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይለካል።