ኡም ነዛርን ማን ወሰዳቸው?

"እናትህ ቤት የሉም…" አለችው ነዛርን ሚስቱ ራዋን በስልክ።

"የት ሄዱ?"

"እኔ እንጃ… የበሩ ካሜራ ላይ የሆነች ፈረንጅ ሴትዮ መኪና ውስጥ ሲገቡ አየሁ።"

ነዛር ሥራውን ጥሎ ወጣ።

እናቱ ኡም ነዛር እንግሊዝኛ አይችሉም… መንገዱንም አያውቁም።

ከቺካጎ ራቅ ብሎ ትልቅ ቤት ሲገዛ፣ ከኛ ከአረቦቹ ሰፈር ከብሪጅቪው የወሰዳቸው እሱ ነው።

እኛ ሰፈር መስጊዱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የሰርግ አዳራሹም በእግር ነው። በረንዳ ላይ ብትቀመጥ የሚያልፈው ሁሉ "አሰላሙ አለይኩም" ይልሃል።

አዲሱ ቤት ግን… ሣሩ ያምራል፣ ሰው አይታይም።

ኡም ነዛር ምግብ አስጠላቸው።

"ምን ጎደለሽ እማ?" ሲላቸው…

"ምንም ልጄ፣ ቤትህ ያማረ ነው" ይሉታል።

የዚያን ቀን የደወልኩለት እኔ ነኝ።

"ነዛር፣ እናትህ እዚህ ናቸው። ሰርግ አዳራሹ ወጥ ቤት።"

እየከነፈ መጣ።

እናቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከሴቶቹ ጋር ሩዝ በወይን ቅጠል ይጠቀልላሉ… ይስቃሉ።

አጠገባቸው ዶሪን። ከነዛር ቤት ፊት ለፊት የምትኖር፣ ሰላም ብሏት የማያውቃት ጎረቤቱ።

"ይሄ ጥቅል ነው ትራስ?" እያሉ ሴቶቹ የዶሪንን ሥራ ያሾፉበታል።

"እማ… ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለፍተህ የገዛኸውን ቤት፣ ጠበበኝ ልበልህ?"

ዶሪን ጣልቃ ገባች።

"በሬን አንኳኩተው ምግብ ሰጡኝ። ከዚያ መኪናዬን እያሳዩ 'ብሪጅቪው' አሉኝ። ሌላ ቃል የላቸውም። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም… እንዴት እምቢ ልበል? ይኸው እናንተ ሥራ ላይ እያላችሁ በየሳምንቱ እንመጣለን።"



ክረምቱ ሲያልፍ እነነዛር ሰፈር መንገድ ላይ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ሰሌዳ ቆመ።

ሁላችንም ነዛር ሊመለስ ነው ብለን ደስ አለን…

የሚሸጠው የዶሪን ቤት ነበር!

ዛሬ እኛ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ትኖራለች። ስትታመም ሾርባ የሚያመጣላት ሰው ብዛቱ… በሩ አይዘጋም።

ነዛርም ባለፈው ወር ሚስቱንና እናቱን ይዞ ጠቅልሎ ወደ ሰፈራችን ተመለሰ። ዶሪን በራቸው ላይ ጠብቃ፣ በተማረችው አረብኛ "አህለን! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ምነው ዘገያችሁ?" አለቻቸው።

ወዳጆቼ… ለወላጅ ቤት ስትመርጡ፣ መጀመሪያ ጎረቤቱን እዩ።

እናንተስ… ወላጆቻችሁን "ወደ ተሻለ ቦታ" ስትወስዱ፣ ከማን እንደምትለዩዋቸው ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩን።