የካቢኔቱ ልክ

ሃያ ዓመት ሙሉ «ምን ጎደለው?» ሲላት የኖረ ባሏ፣ በጥላሸት የጠቆረውን ማድቤት ለማደስ በአንድ ጠዋት ወሰነ።

«እስኪያልቅ እህትሽ ጋ ቆዪ» አላት። «ልብስሽንም በሙሉ ጠቅልለሽ ውሰጂው፤ አቧራ ይጨርሰዋል።»

ሻንጣዋን ስትዘጋ አናጺው መጣ። ማድቤት ገብቶ ግድግዳውን ለካና አዲሱ ካቢኔት የሚደርስበትን ከፍታ በእርሳስ አሰመረ። ጠጋ ብላ ስትቆም መስመሩ ደረቷ ጋ ሆነ።

«ዝቅ አድርገው እንጂ። ሽንኩርት የምከትፈው መሰላል ላይ ወጥቼ ነው?»

«ጋሼ ያዘዙት ልክ ነው፣ እማማ።»

«እሱ መች ማድቤት ገብቶ ያውቃል? ተሳስቶ ነው።»

«ኧረ አልተሳሳቱም። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸውን ወርክሾፕ ድረስ ይዘዋቸው መጥተው፣ ከክርናቸው እስከ መሬት የለካኋቸው እኔው ነኝ።»